ፊት የሌለው ሐውልት ጀግና ያስታውሳል ወይ? (ስለ ሳቫሩ የባንግላዴሽ መታሰቢያ)

ርቱዕ
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ከዳካ በስተሰሜን ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሳቫር የሚባል ቦታ አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሰማዕታት መታሰቢያ የቆመው እዚያ ነው። በቋንቋቸው ጃቲዮ ስምሪቲ ሾውዶ ይሉታል። በ1971ዱ የነፃነት ጦርነት ለወደቁት የተሠራ ነው። ቁመቱ 150 ጫማ፣ ማለትም 45 ሜትር ከምናምን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ኋላ እንዳንጣላ።)

ግራ ያጋባኝ ምን መሰላችሁ? ጀግና የለበትም። ጠመንጃ የያዘ ወታደር የለም። ፈረስ የለም። ባንዲራ የምታውለበልብ እናት የለችም። ያለው ግራጫ አርማታ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች አንዱ ካንዱ ኋላ እየተደረደሩ ወደ ሰማይ ይሾላሉ። ፎቶውን ሳየው ደስ አለኝ፤ ውበቱ አያጠያይቅም። ግን ለወንድሙ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ምኑን አይቶ ነው የሚያለቅሰው?

የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ጋሽ አርማታ
ርቱዕ ልጄ፣ ስለ ልቅሶው ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሳይት ላይ ስለሆነ የማውቀውን ላውራ።

ግድግዳዎቹ ሰባት ጥንድ ናቸው። እያንዳንዱን ጥንድ እንዲህ አስበው። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ወስደህ መሃሉ ላይ ከጫፉ እስከ ታች ታጥፈዋለህ። ከዚያ እንደተከፈተ መጽሐፍ ታቆመዋለህ። ይቆማል። ሳታጥፈው ብታቆመው ግን ይተኛል። ቆርቆሮ ለምን የተቆለመመ ይመስልሃል? ያው ነው። ዕጥፋት ስስ ነገርን ያጠነክራል።

አሁን ሰባቱን ደርድር። የውጪው አጭር ነው፤ ግን እግሩን ሰፋ አድርጎ ቆሟል። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር እግሩ እየጠበበ፣ ቁመቱ እየረዘመ ይሄዳል። የመጨረሻው የውስጠኛው ከሁሉም ጠባብ ከሁሉም ረጅም ነው፤ ጫፉን የሠራው እሱ ነው። ለዚህ ነው ከፊት ለፊት ስታየው አንድ ሹል ነገር የሚመስልህ። ዞር ብለህ በጎን ስታየው ደግሞ ይከፋፈላል፤ በየመሃሉ ሰማይ ይታያል። ሁለት ሰዎች ከሁለት ቦታ ቢያነሱት የተለያየ ሐውልት ያነሱ ይመስላል።

ሌላው እኔን የማረከኝ አርማታው ራቁቱን መሆኑ ነው። ልስን የለውም። ልስን የሠራተኛን ኃጢአት ይሸፍናል፤ ሠላሳ ዓመት ሸፍኖልናል። እዚህ ግን ሳንቃው ሲነሳ የወጣው ፊት፣ ያው የመጨረሻው ፊት ነው። በዚያ ላይ ያ አገር ዝናቡ ቀላል አይደለም። ያን ያህል ውሃ በየዓመቱ እየጠጣ ራቁቱን የሚቆም አርማታ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መሬቱን ደግሞ አስተውል። ባንግላዴሽ አብዛኛው ወንዝ ያመጣው ደለል ነው። ድንጋይ እንደልብ የለም፤ ብዙ ቦታ ጠጠር የሚያገኙት ሸክላ ሰባብረው ነው። ለዚህ ይመስለኛል መሄጃው፣ ደረጃው፣ ዙሪያው ሁሉ ቀይ ሸክላ የሆነው። ግንቡ ብቻ ግራጫ ነው። በቀዩ መሃል ግራጫው ብቻውን ሲነሳ ዓይን ይይዛል።

የታሪክ ዱካ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ልቀጥል።

ሰባት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የትግል ምዕራፍ ነው ተብሎ ነው የሚነገረው። 1952፣ 1954፣ 1956፣ 1962፣ 1966፣ 1969፣ 1971።

የመጀመሪያውን ሳይረዱ ሌላውን መረዳት አይቻልም። በ1947 ህንድ ስትከፈል ፓኪስታን ሁለት ቁራጭ ሆና ነው የተወለደችው። ምዕራቡና ምሥራቁ፤ መሃላቸው የህንድ ምድር። ከሕዝቡ የሚበዛው ምሥራቁ ነበር፤ ቋንቋውም ቤንጋሊ። መንግሥቱ ግን «የአገሪቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው» አለ። የፓኪስታን መሥራች ጂናህ ራሳቸው በ1948 ዳካ ድረስ መጥተው ይህንኑ ተናገሩ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሞቱ። ዛሬ ዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ የሚያከብረው ያን ቀን ነው። ዩኔስኮ በ1999 ነው ያጸደቀው።

እንግዲህ የውጪው፣ አጭሩና ሰፊው ግድግዳ ይህ ነው። ቋንቋ።

1954 የምሥራቁ ፓርቲዎች ተባብረው የክፍለ ሀገሩን ምርጫ ጠራርገው ያሸነፉበት ነው፤ መንግሥታቸው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ተበተነ። 1956 የሕገ መንግሥቱ ትግል፤ ቤንጋሊ ከኡርዱ ጎን እውቅና ያገኘበት። 1962 የተማሪዎቹ የትምህርት ንቅናቄ። 1966 በኋላ የባንግላዴሽ መሥራች የሆኑት ሼክ ሙጂቡር ራህማን ላሆር ላይ ያቀረቧቸው ስድስቱ ነጥቦች፣ ማለትም የራስ አስተዳደር ጥያቄ። 1969 የፓኪስታኑን ገዥ አዩብ ካንን ከሥልጣን ያወረደው ሕዝባዊ አመፅ። ውስጠኛው፣ ረጅሙ፣ 1971።

በ1971 ማርች 25 ሌሊት የፓኪስታን ጦር ዳካ ላይ ዘመተ። ዘጠኝ ወር ጦርነት ሆነ። ዲሴምበር ላይ ህንድ ገባችበት። ዲሴምበር 16 የፓኪስታኑ ጄኔራል ኒያዚ ዳካ የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ላይ እጁን ሰጠ። መታሰቢያውም የተመረቀው ዲሴምበር 16 ነው፤ በ1982።

ሰባት ቁጥርን ደግሞ ሕዝቡ ይወዳታል። 16ን ብትደምር 1 እና 6 ሰባት ነው። የሙጂብ ታላቁ ንግግር ማርች 7 ነው። ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻን ያገኙትም ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ከሞቱ በኋላ።

ተጠራጣሪው
አሪፍ ትምህርት ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ያወቅነው አንተ ስለነገርከን ነው። አርማታው አልነገረንም። 1962ን ከ1966 ለይቶ በዓይኑ የሚያይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

አስረጂ ካልቆመለት የማይናገር ሐውልት ለኔ ግማሽ ሐውልት ነው። ወታደር ብትቀርጽ ማንበብ የማይችል ገበሬም ይገባዋል። ይሄ የተማረ ሰው ለተማረ ሰው የሠራው ነገር ነው።

ርቱዕ
@ተጠራጣሪው እኔም እዚያው ነኝ። ውበቱ ሌላ፣ መልእክቱ ሌላ።

ክርና መርፌ
እኔ ሄጃለሁ። ላውራ?

የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ለስልጠና ዳካ ተልከን ነበር፤ የምናድረው ሳቫር አካባቢ ነው። አንድ አርብ፣ ዕረፍታቸው አርብ ነው፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ነይ የኛን ነገር ላሳይሽ» አለችኝ። አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥለን ናቢናጋር ወረድን።

ተጠራጣሪው፣ አንተ የምታወራው ስለ ፎቶው ነው። ቦታው ሌላ ነገር ነው። ከበሩ ስትገባ ግንቡ ፊት ለፊትህ ይታያል፤ ቅርብ ይመስላል። ስትሄድ ግን አትደርስም። ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ፣ ሸክላው ላይ ትራመዳለህ፣ ደግሞ ደረጃ። ኩሬ አለ፤ በድልድይ ትሻገራለህ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ «ምናለ ቀጥ ያለ መንገድ ቢሠሩ» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ቀጥ ብለን አይደለም የደረስነው» አለችኝ። ሆን ተብሎ ነው ለካ እንዲያ የተሠራው።

ከዚያ ከግንቡ በፊት መቃብሮቹ ጋ ትደርሳለህ። የጅምላ መቃብር ነው። ሣር የለበሰ፣ ዝቅ ያለ። እዚያ ድምፅ ይቀንሳል። ልጆች ሲሯሯጡ የነበሩት ራሳቸው ቀስ አሉ። ጓደኛዬ ጫማዋን አወለቀች። ስለ 1954 የምታውቅ አይመስለኝም፤ አልጠየቅኳትም። የአያቷ ወንድም በዚያ ጦርነት ወጥቶ ቀርቷል፤ የት እንደወደቀ አይታወቅም። «እዚህ ይሆናል» አለችኝ። በቃ ይሄን ብቻ ነው ያለችኝ።

ርቱዕ
@ክርና መርፌ መቃብሮቹ ላይ ስም የለም?

ክርና መርፌ
የለም። ያልታወቁ ሰማዕታት ናቸው። ቢኖር ኖሮ እሷ «እዚህ ይሆናል» ማለት አትችልም ነበር እኮ።

ርቱዕ
ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

ተጠራጣሪው
ክርና መርፌ፣ እውነት ለመናገር ነካሽኝ። ግን የነካኝ መቃብሩ ነው። ግንቡ ምን አደረገ?

ጋሽ አርማታ
ግንቡማ ከሩቅ ጠራቸው። ዝቅ ያለ መቃብር ከአውራ ጎዳና አይታይም፤ ሳያዩት ያልፋሉ።

የታሪክ ዱካ
ስለ ግንቡ ከተነሳ ግን አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ይሄን መታሰቢያ ማን ሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሦስት መንግሥት ነው። ሦስቱም ደግሞ አይዋደዱም።

የመሠረቱን ድንጋይ ያኖሩት ሼክ ሙጂብ ናቸው፤ ዲሴምበር 16፣ 1972። ነፃ በወጡ በዓመቱ ማለት ነው። በ1975 ወታደሮች ከአብዛኛው ቤተሰባቸው ጋር ገደሏቸው። ቀጥሎ ጄኔራል ዚያዑር ራህማን መጡ። በ1978 የንድፍ ውድድሩ የወጣው በሳቸው ዘመን ነው፤ 57 ንድፎች ቀረቡ። እሳቸውም በ1981 በወታደሮች ተገደሉ። ከዚያ ጄኔራል ኤርሻድ በማርች 1982 መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሪባኑን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ዋናው ግንብ የተገነባው በዚያው 1982 ነው፤ የጥቂት ወራት ሥራ።

እስቲ አስቡት። የመጀመሪያው የራሳቸውን ሐውልት ቢያቆሙ ሁለተኛው ባነሱት ነበር። ሁለተኛው ቢያቆሙ ሦስተኛው። ዛሬም የሙጂብ ልጅና የዚያዑር ራህማን ባለቤት የመሯቸው ፓርቲዎች ታሪኩን ሁለት ዓይነት አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ነፃነትን መጀመሪያ ያወጀው ማን ነው በሚለው እንኳ አይስማሙም። ባዶ ግድግዳ ስለሆነ ግን ሦስቱም ወጪውን ቀጠሉበት።

ተጠራጣሪው
ይኸው! ራስህ አመጣኸው። ፊት የሌለው ስለሆነ ለማንም ይመቻል። በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ ጄኔራል ለሕዝብ ነፃነት የሞቱትን መታሰቢያ ሲመርቅ አርማታው «አንተ ማነህ?» አላለውም። ይሄ እንዴት ጥቅም ይሆናል? እኔ ጉድለት ነው የምለው።

የታሪክ ዱካ
ጥሩ መታህ። ግን ቆይ፣ 2024ን አስታውስ።

ኦገስት 5፣ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሼክ ሃሲና በተማሪዎች አመፅ ከአገር ሸሹ። በዚያው ቀን ሕዝቡ ዳካ ውስጥ የአባታቸውን የሙጂብን ሐውልቶች በመዶሻ፣ በገመድ አፈረሰ። ቢጆይ ሳራኒ የተባለው መንገድ ላይ የነበረው ገና በ2023 የቆመ ነው። የሙጂብ ቤት፣ ሙዚየም የሆነው፣ ተቃጠለ፤ በ2025 ፌብሩዋሪ ደግሞ ፈረሰ። ሳቫር ግን እንዲያ አልሆነም። እንዲያውም ሙሐመድ ዩኑስ የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት አበባ ይዘው የሄዱት ወደ ሳቫር ነው።

ገንዘባቸውን እይ ደግሞ። ከ2011 ጀምሮ የወጡት የታካ ኖቶች ፊታቸው ላይ የሙጂብ ምስልና የሳቫሩ ግንብ አብረው ነበሩ። በ2025 አዲስ ኖት ሲወጣ ሙጂብ ተነሱ። ግንቡ ግን በአዲሱ የአንድ ሺህ ታካ ኖት ላይም አለ።

አብዱ 21
እኛስ የሌኒንን ሐውልት አውርደን የትግላችንን ሐውልት ሳንነካ ትተን የለ? በ1991፣ በኛ 1983።

ተጠራጣሪው
@አብዱ 21 ትግላችን ሐውልት ፊት ሞልቶበታል እኮ ወንድሜ። ወታደሩም አለ፣ የኩባዎቹም ምስል አለ። ፊት ስላለው ይወድቃል የሚለውን ሕግ አንተው አፈረስከው።

አብዱ 21
እሺ ተውኩት 😄

ዘነበች ነኝ
የታሪክ ዱካ ጎበዝ ነህ፤ ግን ሕግህ በባንግላዴሽም አይሠራም። የዳካው ሻሂድ ሚናርስ?

ለማያውቁት ልንገር። በ1952 ተማሪዎቹ በተገደሉ በሁለተኛው ቀን ጓደኞቻቸው በአንድ ሌሊት ትንሽ ሐውልት ሠሩ። ሦስት ቀን አልቆየም፤ ፖሊስ አፈረሰው። በኋላ ሐሚዱር ራህማን ትልቁን ነደፈ፤ ቀራጯ ኖቬራ አህመድ አብራው ሠርታለች። ስሟን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። እሱም ፊት የለውም። አምዶች ናቸው። መሃል ያለው ረጅሙ አምድ አናቱ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ እናት ናት ይላሉ። ግራና ቀኟ አራት አጫጭሮች፤ ልጆቿ። ከኋላ ቀይ ክብ፤ ፀሐይ።

ታዲያ በ1971 የፓኪስታን ጦር መጥቶ እንዳለ አፈረሰው። ፊት የለውም ብሎ አልማረውም። ወታደሮቹ አምዱ ምን እንደሚል በደንብ ገብቷቸዋል! ከነፃነት በኋላ ነው እንደገና የተሠራው።

ስለዚህ ሐውልትን የሚያተርፈው ፊት ማጣቱ አይደለም። ማን እንደሚጠላው ነው። ሳቫርን የሚጠላ ደግሞ በ1971 ተሸንፎ ወጥቷል።

የታሪክ ዱካ
ዘነበች፣ እጅ ሰጠሁ። እንደ ኒያዚ።

ተጠራጣሪው
😂😂

ርቱዕ
ዘነበች የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጎንበስ ያለ አምድ እናት ናት» የሚለው ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ፎቶውን ፈልጌ ሳየው ራሱ ተናገረ። ያኔ ተጠራጣሪው ላነሳው ጥያቄ አንድ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ፊት አልባ ሁሉ ዲዳ አይደለም።

በነገራችን ላይ 1982 ለዚያ አገር የአርማታ ዓመት ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ካን የነደፈው የዳካው ፓርላማም ያለቀው በዚያው ዓመት ነው። ካን ራሱ በ1974 ስለሞተ አላየውም። እሱም ራቁት አርማታ ነው፤ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች ተበስተዋል፤ በየመሃሉ የነጭ እብነ በረድ መስመር አለ። የሳቫሩን የነደፈው ልጅ ከዚያ ተምሮ ይሆን?

ጋሽ አርማታ
ከተማው መሃል ሲገነባ እያየ የተማረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይሄድም መቼም። አደራ ግን፣ «ኮረጀ» አትበለኝ። ዕጥፋቱ የራሱ ነው።

ስለ ልጁ ላውራ፤ ልጅ ያልኩት ያኔ ልጅ ስለነበረ ነው። ሰይድ ማይኑል ሆሴን ይባላል። ተወልዶ ያደገው አገሩ፣ የተማረው ዳካ ባለው የባንግላዴሽ ምሕንድስና ዩኒቨርሲቲ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው 57ቱን ንድፎች ያሸነፈው። የተወለደው በ1952 ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ ዓመት! የራሱ ዕድሜና የግንቡ ዕድሜ አንድ ቦታ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል። ምረቃው ቀን እንዳልተጠራ የአገሩ ጋዜጦች ደጋግመው ጽፈዋል። ባለሥልጣናቱ ከሄዱ በኋላ ከሕዝቡ ጋር ገብቶ አየው ይባላል። በ1988 ኤኩሼ ፖዶክ የተባለውን ትልቅ ሽልማት ሰጡት። በኋላ ዘመኑ ከሰው ርቆ ኖረ። በ2014 ሞተ። ታላቁን የነፃነት ሽልማት የሰጡት በ2022 ነው፤ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይት ላይ ብዙ ዓይቻለሁ። ሪባን ሲቆረጥ ፎርማን አይጠራም። ግን ነዳፊውም?

ክርና መርፌ
ጋሼ፣ ይሄንን አላውቅም ነበር። ጓደኛዬም አታውቅም፤ አሁን ጽፌ ጠየቅኳት።

ዘነበች ነኝ
ፊት የሌለው ሐውልት፣ ስም የሌለው መቃብር፣ ያልተጠራ ነዳፊ።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ሰባቱም ዓመቶች የፖለቲካ ዓመቶች ናቸው። ምርጫ፣ ሕገ መንግሥት፣ ነጥቦች። የ1971 ሴቶችስ? በዚያ ጦርነት የተደፈሩ ብዙ፣ ብዙ ሴቶች አሉ። ሙጂብ «ቢራንጎና» ብለው ሰየሟቸው፤ ጀግኒት ማለት ነው። ስሙ ክብር ነበር፤ ግን ሰፈር ውስጥ መጠቋቆሚያ ሆነ፤ ብዙዎቹ ተደብቀው ኖሩ። እንደ ነፃነት ታጋይ ተቆጥረው አበል ማግኘት የጀመሩት ከ2015 ወዲህ ነው። ስምንተኛ ግድግዳ ይሠራ አልልም። ግን በሰባት ሲከፈል የት እንደገቡ ልጠይቅ።

ተጠራጣሪው
1971 ውስጥ ነው የሚሉሽ።

ዘነበች ነኝ
አዎ፤ ሁልጊዜ «ውስጥ» ነን።

ክርና መርፌ
እኔም የሚቆረቁረኝን ላውጣው። ሳቫር ሲባል እናንተ ግንቡን ታስባላችሁ። የኛ ሙያ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስበው።

ራና ፕላዛ ሳቫር ነው የነበረው። ኤፕሪል 24፣ 2013። ስምንት ፎቅ፤ ላይኛዎቹ ያለ ፈቃድ የተጨመሩ። ባንክም ሱቅም ነበረበት፤ ላይ ላዩ የስፌት ፋብሪካዎች። በዋዜማው ግድግዳው ተሰነጠቀ። የባንኩ ሠራተኞች እንዳይገቡ ተደረገ። ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው። ጠዋት ላይ ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ሴት ሠራተኛ።

የስልጠናው የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩን ይህንን ነው። ስንጥቅ ካያችሁ ውጡ።

ቦታው ላይ ሠራተኞቹ ያቆሙት መታሰቢያ አለ። ሁለት ክንዶች ማጭድና መዶሻ ይዘው ይወጣሉ። ትንሽ ነው። ከመንገዱ ዳር ነው፤ ኩሬ የለው፣ ድልድይ የለው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት አርማታ አየሁ በሉኝ። አንዱ 45 ሜትር ስስ ሆኖ ይሄን ሁሉ ዓመት ንቅንቅ አላለም። ሌላው ወደቀ።

ጋሽ አርማታ
ልጄ፣ አርማታ ያው አርማታ ነው። አንዱ ከመሠራቱ በፊት ተሰላ። ሌላው ላይ ሳይሰላ ተጨመረ። ለሱቅ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ላይ የማሽን ክብደት፣ የጄኔሬተር መንቀጥቀጥ ስትጭንበት ምን ይሆናል?

ይሄን ስጽፍ ተናድጃለሁ፤ ይቅርታ።

የታሪክ ዱካ
ማንም ይቅርታ ይጠይቁ አላለዎትም ጋሼ።

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው። አንድ ተሳታፊ የአገር ውስጥ ፖለቲካ ሊያመጣ ሞክሮ ጽሑፉን አንስቻለሁ። በሳቫር እንቆይ።

ማኅሌት ኬ
ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ለሥራ ዳካ ልሄድ ነው፤ ዲሴምበር መጀመሪያ። መቼ ብሄድ ይሻላል?

ክርና መርፌ
በጊዜ ሂጂ እህቴ። ከዲሴምበር 16 በፊት ባሉት ቀናት ለጽዳትና ለዝግጅት ለሕዝብ ይዘጋል፤ ቀይ ሸክላውን ያጥባሉ፣ አበባ ይተክላሉ። 16 ራሱ ከተከፈተ በኋላ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፤ ሁሉም ቀይና አረንጓዴ ለብሶ። ግርግር ከወደድሽ ያን ቀን። ካልወደድሽ ወሩ እንደገባ፣ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይነሳ።

ሌላ ምክር፦ ከፊት ፎቶ አንስተሽ አትመለሺ። ወደ ጎን ዙሪ። ግድግዳዎቹ የሚለያዩበት ቦታ አለ፤ መሃላቸው ሰማይ የሚታይበት። ጋሼ እንዳሉት ነው። ዙሪያው ደግሞ ዛፍ ነው፤ ከየአገሩ የመጡ መሪዎች የተከሏቸው አሉ። ፖፕ ፍራንሲስም በ2017 ተክለዋል። ቦታው በጠቅላላው 108 ኤከር ነው፤ ምቹ ጫማ አድርጊ።

ማኅሌት ኬ
አመሰግናለሁ የኔ እመቤት። ፎቶ እልካለሁ።

ተጠራጣሪው
እኔ አሁንም ግማሽ ልቤ አልተዋጠለትም፤ ልንገራችሁ። ሐውልቱ ራሱ ይናገር የሚለው አቋሜ አልተነቃነቀም። ግን ክርና መርፌ ያወራችው፣ ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ «እዚህ ይሆናል» ያለችው ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ተከተለኝ። የኔ ባለ ጠመንጃ ወታደር ቆሞ ቢሆን የሷ ዘመድ አይሆንም ነበር። ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ርቱዕ
እኔ በበኩሌ ጋሽ አርማታ እንዳሉኝ አደረግኩ። ሰባት ወረቀት ቆርጬ፣ መሃሉን አጥፌ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የስምንት ዓመት ልጄ መጥታ ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሰፊውን አጭሩን ይዛ «ይሄ ቋንቋ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ሰባቱን በየተራ ስም አወጣችላቸው፤ 1962ን «የተማሪዎች» አለችው፤ እሱን አልረሳችም።

ችግሩ ሰባተኛው ነው። ረጅሙ፣ ጠባቡ፣ የመሃሉ። ብቻውን አልቆም አለ። ስድስቱ ከበውት ሲደገፍ ይቆማል፤ ሲነሱ ይወድቃል። ይሄማ ትልቅ ምሥጢር አለው ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር የመጣሁት።

ጋሽ አርማታ
ምሥጢር የለውም። ወረቀቱ ሳስቶብህ ነው። ካርቶን ሞክር።

ርቱዕ
በካርቶን ቆመ ጋሼ።